ቅድመ አያቴ «ፉሲያላ»፦ በአዳማ ያለ አንድ የስም አፈላላጊ ቤት ሲገመገም

ስም ያልወጣለትን ቤት መገምገም ያስቸግራል። አዳማ ውስጥ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ በሩ ላይ «ጽሕፈት፣ ትርጉም፣ ፎቶ ኮፒ» ከሚል በፀሐይ የደበዘዘ ሰሌዳ በስተቀር መጠሪያ የለውም። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ሲሆኑ ደንበኞቻቸው ሁሉ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኔም እዚህ በዚሁ እጠራቸዋለሁ። የዕለት እንጀራቸው ማመልከቻ መጻፍና ሰነድ መተርጎም ነው። ነገር ግን ጠይቆ ለሚመጣ ሰው በአሮጌ ወረቀቶች ላይ ስማቸው የተጣመመባቸውን ወይም የተለወጠባቸውን አያት ቅድመ አያቶች ያፈላልጋሉ። ባለፈው ጥር የሄድኩት ለዚህ ሁለተኛ ሥራቸው ነበር።

ይዤ የሄድኩት ችግር በአጭሩ ይህ ነው። የአባቴ አባት የሞቱት አባቴ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ሲሆን፣ አያቴም ሌላ ባል አግብታ ከአዳማ ስለ ወጣች አባቴ ትምህርት ቤት የተመዘገበው በእንጀራ አባቱ ስም ነው። ከቤተሰቡ የተረፈን አያታችን «ወልዴ» ይባሉ እንደ ነበር፣ ምድር ባቡር ይሠሩ እንደ ነበርና ሦስት ወረቀቶች በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ መቅረታቸው ብቻ ነው። ወረቀቶቹ አንዱ በፈረንሳይኛ፣ አንዱ በጣሊያንኛ፣ አንዱ በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። የላቲን ፊደሉን ከብዙ ዓመት በፊት ያነበበልን የእንግሊዝኛ አስተማሪ የነበረው አጎቴ ሲሆን፣ ከጣሊያንኛው ወረቀት ላይ የአያታችንን አባት ስም «ፉሲያላ» ብሎ አወጣ። ይህ ስም እንግዳ ስለ ሆነብን ቤተሰቡ ምክንያት ፈለገለት፤ በባቡሩ ዘመን ከመጡት ግሪኮች የአንዱ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ የአክስቴ ቅላትም ለዚህ ምስክር ሆኖ ቀረበ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ግሪክ ቅድመ አያት አለኝ ብዬ ለጓደኞቼ ያወራሁበት ጊዜ አለ።

ጋሼ ወረቀቶቹን ተቀብለው ወዲያው አላነበቧቸውም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ ብዕሩን የያዘው ማን ነበር?» የሚል ነበር። የቤቱ አሠራር በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ስሙን የተናገረው አያትሽ ነው፣ የጻፈው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ጸሐፊው በራሱ ቋንቋ የሰማውን በራሱ ፊደል ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ስሙን ከመፈለግሽ በፊት የጸሐፊውን ጆሮ ፈልጊ አሉኝ። ከዚያም በነጭ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አሰመሩና ፈረንሳዊ፣ ጣሊያናዊና የደብር ደብተራ አንድን የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ስም እንዴት እንደሚጽፉት አጠገብ ለአጠገብ እያስቀመጡ ማስረዳት ጀመሩ።

የጣሊያንኛው ወረቀት የይለፍ ወረቀት ነው። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ግማሹን ሸፍነው ፊደል በፊደል አስነበቡኝ። ጣሊያኖች በቋንቋቸው «ደብልዩ» ስለሌላቸው ለ«ወ» የሚጠቀሙት «ዩ»ን ነው፤ «ሲ» ከ«አይ» በፊት ስትመጣ «ቸ» ትሆናለች፤ «ሲ» እና «ኤች» ሲጣመሩ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው «ች» ሳይሆኑ «ክ» ናቸው። ጸ እና ጨ የሚባል ድምፅ ስለማያውቁም በአቅራቢያው ባለው ይተኩታል። አጎቴ «ዩኦልዴዛዲች» ብሎ ያነበበው በዚህ ስሌት «ወልደ ጻድቅ» ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን የሥራውን ሁሉ ዋጋ የሚያወጣ ነው። አውራ ጣታቸውን ሲያነሡ «ፉ» እና «ሲያላ» በሚባሉት መካከል የጽሕፈት መኪናው የተወው ትንሽ ክፍተት ታየ። «ፉ» በጣሊያን የመንግሥት ወረቀት ላይ ከአባት ስም በፊት ስትገባ አባትየው በሕይወት እንደሌለ የምታመለክት ቃል ናት፤ አባትየው በሕይወት ካለ በምትኳ «ዲ» ይጻፋል። እንግዲህ የተጻፈው «ወልደ ጻድቅ፣ የሟቹ የጫላ ልጅ» የሚል ነው። ግሪኩ ቅድመ አያታችን በአንድ ከሰዓት ተሰናብቶ ጫላ ገባ። ባገኘሁት ስም ደስ ባይለኝ ኖሮ ይቅርታ የማይደረግልኝ ኃጢአት ይሆንብኝ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ለአክስቴ እንዴት እንደምነግራት ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከዚሁ ወረቀት ላይ ሌላም ስሕተት ተቃንቷል። ግርጌው ላይ በሮማውያን ቁጥር 16 የሚል ዓመት አለ። በቤተሰባችን ይህ 1916 ዓ.ም. ተብሎ ሲነገር ኖሯል፤ በ1916 ዓ.ም. ጣሊያን አዳማ ላይ ይለፍ ወረቀት ለመስጠት ምን ሥልጣን ነበረው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጋሼ እንዳስረዱኝ ይህ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1922 መጨረሻ ጀምሮ የተቆጠረው የፋሽስቶች ዘመን ሲሆን፣ 16ኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ዓ.ም. ያለው ነው። በዚህም ጫላ ቢያንስ ከዚያ በፊት መሞቱ ታወቀ። አንዲት የሁለት ፊደል ቃልና አንድ ቁጥር ተደምረው ከሃምሳ ዓመት የቤተሰብ ወሬ የበለጠ ነገር ሰጡኝ።

የፈረንሳይኛው ወረቀት የሥራ ምስክር ወረቀት ሲሆን ቀለል ያለ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ምድር ባቡር የቢሮ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለ ነበር፣ ሠራተኛው ሁሉ ስሙ በፈረንሳይ ልማድ ተጽፏል። «ወ» በ«ኦ» እና «ዩ» ጥምር፣ «ጫ» ደግሞ በ«ቲ»፣ «ሲ» እና «ኤች» ጥምር ተጀምረዋል። አጎቴ ይህን «ቲቻላ» ብሎ አንብቦ ሌላ ሰው ነው ብሎ ነበር የተወው።

ከባዱ አማርኛው ሆነ፤ ይህ እኔንም አስገርሞኛል፤ በገዛ ፊደላችን የተጻፈው ቀላል ይሆናል ብዬ ነበርና። ወረቀቱ ከአንድ የሚካኤል ማኅበር መዝገብ የተገነጠለ ቅጠል ሲሆን፣ የጽዋው ተራ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል «ወ/ፃዲቅ ቻላ» የሚል ስም አለበት። ጋሼ መጀመሪያ ያነሡት ጥርጣሬ ጽሑፉን ባየሁበት ዘመን ሁሉ ፈጽሞ ያልመጣብኝ ነው፦ ይህች «ወ» ከእዝባሯ ጋር ወልደ ልትሆን ትችላለች፣ ወለተ ልትሆንም ትችላለች። ከዚህ በፊት አንድ ደንበኛቸው «ወ/ጻድቅ» የሚል ስም ይዞ አያቴ ነው ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ ሰውየው ወለተ ጻድቅ የምትባል ሴት ሆና መገኘቷን ነገሩኝ። «ተ»ም እንዲሁ ተክለ፣ ተስፋ ወይም ተወልደ ልትሆን ትችላለች። በእኛ ቅጠል ላይ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ «እመት» ስለ ተባሉ ያለ «እመት» የተጻፈው ወንድ ነው ብለው ፈረዱ፤ ፍርዱን በእርሳስ እንጂ በብዕር አለመጻፋቸውን ልብ ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ የፊደሎቹን ነገር በሠንጠረዥ አወጡት። ጻድቅ፣ ፃድቅ፣ ጻዲቅ፣ ፃዲቅ ተብሎ በአራት መንገድ ይጻፋል፤ ወልደ ተለይቶ፣ ተያይዞ ወይም በእዝባር አጥሮ ሲጻፍ ሦስት ይሆናል፤ አሥራ ሁለት ማለት ነው። የአባት ስም ጫላ ወይም ቻላ ሊሆን ስለሚችል ሃያ አራት ሆነ። ኮምፒውተር ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም፤ አንዱን ቢፈልጉበት ሌላውን አያወጣም፤ ስለዚህ ሃያ አራቱንም መፈለግ ግድ ነው። ኃይሌ ወይም ፀሐይ የሚባል አያት ያለው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ከወዲሁ ይገምት።

ለላቲን ፊደሉ ያሳዩኝ ዘዴ ሳውንዴክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት፣ በኋላም ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች የዋለ ስሌት ነው፤ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ያቆይና የቀሩትን ተነባቢዎች ወደ ሦስት አኃዝ ይለውጣል፣ አናባቢዎችን ይጥላል። ጫላን እንግሊዝኛ እንደሚጽፈው፣ ጣሊያን እንደሚጽፈውና ዛሬ በቁቤ እንደሚጻፈው በእርሳስ ሲያሰሉት ሦስቱም «ሲ-400» ሆኑ፤ የፈረንሳዩ ግን በ«ቲ» ስለሚጀምር «ቲ-240» ወጣ። ወልደ ደግሞ ቁጥሩ በሦስቱም ቋንቋ 430 ሲሆን የመጀመሪያ ፊደሉ አንድ ቦታ «ደብልዩ»፣ አንድ ቦታ «ዩ»፣ አንድ ቦታ «ኦ» ስለሆነ መሣሪያው ሦስት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የዘዴው ድክመት የመጀመሪያውን ፊደል ማመኑ ነው፤ የእኛ ስሞች ወደ ሌላ ፊደል ሲገቡ መጀመሪያ የሚጣመመው ግን እሱ ፊደል ነው። ይህን የሚያህል ግልጽ ማብራሪያ ከአንድ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ማግኘቴ ለከፈልኩት ገንዘብ ጥሩ ምላሽ ነው ብዬ አምናለሁ። በነፃ የሚሠራውን ፋሚሊ ሰርች የተባለውን የትውልድ መዝገብ መፈለጊያ ድረ ገጽም በፊቴ ከፍተው በሁሉም ቅርጾች ፈልገዋል፤ ስለ አያቴ አንድም ነገር አልወጣም፤ አለመውጣቱንም በሪፖርቱ ላይ ጽፈውታል።

ሰዎች የልደት መዝገብ የለም ወይ ብለው እንደሚጠይቁ እገምታለሁ፤ እኔም ጠይቄያለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ የክብር መዝገብም አስቦ ነበር፤ ሁለቱም ግን በወረቀት ቀሩ። በመላ አገሪቱ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመሆኑም የእኛ ስም በየትውልዱ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ የኔ ሦስተኛ ስም ለልጄ አይደርሳትም፤ ሴቷም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትሄዳለች። ሰባት ቤት ድረስ በቃል የሚቆጥር ሽማግሌ የሞተበት ቤተሰብ ሰንሰለቱን ከወረቀት ላይ የሚያነሣበት ቦታ የለውም። የከተማዋ ስም እንኳ ተለዋውጧል፦ በአንዱ ወረቀት አዳማ፣ በሌላው ናዝሬት ነው፤ ወደ ቀድሞ ስሟ በይፋ የተመለሰችው በ1992 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሰውን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም በሁለት ስም መፈለግ ያስፈልጋል።

ጋሼ ከወረቀቱ ውጭ ያደረጉት ጥረት ወለንጪቲ ድረስ መሄዳቸው ነው። ጫላ የኦሮሞ ስም ስለ ሆነ፣ ባቡሩም በወለንጪቲ ያልፍ ስለ ነበር፣ የሚያውቋቸውን ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ጠይቀዋል። ወልደ ጻድቅ የሚባል ሰው አለ ወይ ብለው አልጠየቁም፤ ይህንም ያደረጉት ሆን ብለው ነው። ወልደ ጻድቅ የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል፤ ወንድ በአርባ ቀኑ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲነሡ የሚወጣው ስም ቤት ውስጥ ከሚጠሩበት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ አዋቂ ሆኖ የተጠመቀ ሰውም የቀድሞ ስሙ ለመንደሩ ሰው እንደ ቀረ ነው። የጠየቁት «ባቡር ላይ የሠራ የጫላ ልጅ ነበር ወይ?» ብለው ነው። አንድ ሽማግሌ «ነበር» አሉ፤ ስሙም በዻሳ ነው አሉ። ይህን ስም በአማርኛ በዳሳ ተብሎ አየዋለሁ፤ የኦሮምኛው ድምፅ ግን «ደ» አይደለም፤ በ1984 ዓ.ም. በተጀመረው የቁቤ አጻጻፍ በ«ዲ» እና «ኤች» የሚጻፈው ድምፅ ነው። ስለዚህ ይህም ስም ፊደል ሲቀይር ጠባሳ ይዟል።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ተከራክረናል። እኔ አያቴ በዻሳ ነበሩ ተብሎ ይጻፍልኝ አልኩ፤ እሳቸው አንድ ሽማግሌ አንድ ምስክር ነው፣ ጫላ የሚባል ሰው ደግሞ በዚያ አገር አንድ ብቻ አይደለም አሉ። ሁለት ስሞችን አንድ ሰው ናቸው ለማለት የአባት ስም፣ ቦታና ዘመን ሦስቱም መገጣጠም አለባቸው የሚል ደንብ አላቸው፤ ከእኛ ጉዳይ ዘመኑ አልተገኘም። በመጨረሻ በሪፖርቱ ዳር በእርሳስ «ያልተረጋገጠ» ብለው ጻፉት። በሰዓቱ ተናድጄ ነበር። ፉሲያላን የፈጠረብን ግን በቂ ማስረጃ ሳይኖር በብዕር መጻፍ ስለ ነበር፣ አሁን ላይ ሆኜ ሳየው ደንቡ ትክክል ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ለመጀመሪያው ምክር 300 ብር፣ ለሁለቱ የውጭ ቋንቋ ወረቀቶች ትርጉም በገጽ 350 ብር፣ ለፍለጋውና ለሪፖርቱ 5,000 ብር፣ በጠቅላላው 6,000 ብር ከፍያለሁ። የወለንጪቲው መጓጓዣ በዚሁ ውስጥ ነው። ውድ አይደለም እላለሁ፤ ጊዜው ግን ሦስት ሳምንት ተብሎ ዘጠኝ ሳምንት ፈጅቷል። ስልክ ስደውል «ነገ» የሚል መልስ አምስት ጊዜ ተሰጥቶኛል።

ከባዱ ቅሬታዬ ስለ ወረቀቶቹ አያያዝ ነው። ዋናዎቹን ትቼ እንድሄድ ተጠየቅሁ፤ ተውኩ፤ ማድረግ አልነበረብኝም። የማኅበሩ ቅጠል ሲመለስልኝ የተቀደደው ጠርዙ ላይ ስኮች ተለጥፎበት ነበር። የምትጽፍላቸው ልጅ ለደግ አስባ ያደረገችው ነው፤ ነገር ግን ስኮች ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ሙጫውም ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ሊነሣ ሲሞከር ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየን ወረቀት እንዲህ ማድረግ አይገባም ነበር፤ ጋሼም ሲያዩት ደንግጠው ይቅርታ ጠይቀውኛል። ሌላው ሪፖርቱ ላይ የተያያዘው ፎቶ ኮፒ እጅግ ደብዛዛ ከመሆኑ የተነሣ «ፉ» የምትለዋ ቃል ፈጽሞ አትታይም፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ዘመድ ያችን ቃል በዓይኑ ሳያይ ማመን አለበት ማለት ነው። የሚሄድ ሰው ወረቀቱን አስቀድሞ በስልኩ በብርሃን አንሥቶ፣ ዋናውን ለአንድ ሰዓት ብቻ እዚያው ቁጭ ብሎ አሳይቶ ይዞት ይመለስ። ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ የሚያጽፈው ሰው ስለሚበዛ ለእንዲህ ያለ ሥራ ጊዜ የላቸውም። የክርስትና ስሙን፣ የቤት ስሙንና በሌላ ቋንቋ ይጠራበት የነበረውን ስም ከአሮጊቶች ጠይቆ በድምፅ ቀርጾ መሄድ ደግሞ ከማንኛውም ወረቀት ይበልጥ እንደሚጠቅም አይቻለሁ፤ ጋሼ የጻፍኩላቸውን ስም ሳይሆን አክስቴ በስልክ የተናገረችውን ነበር ደጋግመው የሚያዳምጡት።

የመጨረሻው ነገር ሳይነገር የማይታለፍ ነው። አሥራ አንዱን ገጽ ሪፖርት ቤቴ ወስጄ ሳነብ አያቴ በገጽ 1 ላይ ወልደ ጻድቅ፣ በገጽ 4 ወልደፃድቅ፣ በገጽ 9 ደግሞ ወ/ጻዲቅ ሆነው አገኘኋቸው። ሃያ አራቱን ቅርጽ ሲቆጥርልኝ የዋለው ቤት ሦስቱን ራሱ ጽፏቸዋል። መልሼ ወስጄ ሳሳያቸው ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ልጅቷ ያለ ክፍያ እንደገና አትማ ሰጠችኝ። በአዲሱ ኅትመት አያቴ ከዳር እስከ ዳር ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ በሽፋኑ ላይ ግን የእኔ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ለሦስተኛ ጊዜ ይታተም ለማለት ስላፈርኩ እዚያው ፊታቸው በብዕር አስተካከልኩት፤ እሳቸው ግን እርማቱ አጠገብ ቀኑንና ፊርማዬን ካላኖርኩ አልለቅም አሉ።